የእንባዬ ማምቦ

ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ሙዚቀኞቹም፣ የስቱዲዮ ሠራተኞቹም፣ የፊልም ሰዎቹም «እንባዬ» ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለች ነው። አንዲት እናት ልጇን ባቡር ጣቢያ ላይ ለምትሰናበትበት ፊልም ሙዚቃ ጽፋ፣ በቀረጻው ቀን አንዷ ቫዮሊን ተጫዋች ሆድ ባሳትና ቀስቷን አስቀምጣ መሐረብ ፍለጋ ቦርሳዋን ትበረብር ጀመር። ከኋላ የተቀመጠው ትሮምቦን ነፊ፣ «ኧረ እንባዬን መልሱልኝ፣ ለሌላ ቀን አስቀምጬው ነበር!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፣ ስሙም እሷው ላይ ተለጥፎ ቀረ። መጀመሪያ ትቆጣ ነበር። ኋላ ለመደችው። ውሎ አድሮ ስልክ ስታነሳ ራሷም «እንባዬ ነኝ» ማለት ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ የሚመጣላት ሥራ ሁሉ ሐዘን ሆነ። አልጋ ላይ የሚያጣጥር አባት፣ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰ እጮኛ፣ ዝናብ ውስጥ ቆሞ የቀረ ሽማግሌ፤ ፊልም ሠሪዎች ተመልካች ማስለቀስ ባሰኛቸው ቁጥር ወደ እሷ ይደውላሉ። እሷ ግን በባሕርይዋ ሐዘንተኛ አልነበረችም። ባሏ፣ «ሰውን ሁሉ ታስለቅስና እሷ ቁጭ ብላ ብስኩት ትቆረጥማለች» እያለ ያማታል። ባሏ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው አሳንሰር ሲያወጣና ሲያወርድ ውሎ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቱ በእግሩ ይወጣል። በዚህ ነገር ያልቀለደበት ጎረቤት የለም።

ሃምሳ ስምንት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። የደወለው አንድ ወጣት የፊልም ዳይሬክተር ነበር።

«እርስዎ በወጣትነትዎ የዳንስ ባንድ ውስጥ ፒያኖ ይጫወቱ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?»

«ያኔ እኮ ጸጉሬም ጥቁር ነበር» አለችው።

እውነት ነበር። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳለች አንድ ሆቴል ውስጥ ከሚጫወት ባንድ ጋር ለሦስት ክረምት ሠርታለች። ማምቦ፣ ቻቻቻ፣ ሩምባ ሲመቱ ነበር የሚያመሹት። ጣቶቿ አሁንም ያውቁታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን የጠየቃቸው አልነበረም።

ዳይሬክተሩ የያዘውን ችግር ዘረገፈው። ፊልሙ ኮሜዲ ነው፤ ተቀርጾ አልቋል። አንድ አዳራሽ በስሕተት ለሁለት ሰርግ በአንድ ቀን ይከራያል። ሁለት ሙሽራ፣ ሁለት ሙሽሪት፣ አንድ ኬክ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መሯሯጥ ነው። መጀመሪያ የያዘው ሙዚቀኛ ተጣልቶት ሄዷል። የሚፈልገው ትልቅ ኦርኬስትራ፣ የላቲን ዳንስ፣ ከበሮና ትራምፔት፣ ሰው ወንበሩ ላይ የማያስቀምጥ ነገር ነው።

«ሕዝቡ እንዲስቅ ነው የምፈልገው፣ እመቤቴ» አለ።

«እንግዲያስ የተሳሳተ ቁጥር ነው የደወልከው፣ የኔ ልጅ።»

«የሚያስለቅስ ሰው ማሳቅ አያቅተውም።»

ይህን አባባል ከየት እንዳመጣው አልጠየቀችውም። አስቤ እነግርሃለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያም ከፒያኖው አጠገብ ያለውን ክፍል በር ገፋ አድርጋ አየች። ልጇ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። አልተኛችም፤ እንደዚያ ሆና ነው የምትውለው።

ያላት ልጅ እሷ ብቻ ናት። ፋርማሲስት ናት፤ ቀልጣፋ፣ አፏ ፈጣን፣ ሐኪሞች የጻፉትን ማንበብ የሚያቅተው ሰው ሁሉ እሷን የሚጠራት ሴት ነበረች። መንታ ወለደች፤ ወንድና ሴት። ባሏ ሩቅ ቦታ መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ የምታግዘኝ እናቴ ናት ብላ ወላጆቿ ቤት መጣች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደኅና ነበሩ። አያትየው ለሕፃናቱ ወዲያው ማዕረግ ሰጣቸው፤ አስቀድሞ የተወለደው «አለቃ»፣ እህቱ ደግሞ «ምክትል» ተባሉ። «አለቃ ሲያለቅስ ምክትሏ ታጸድቃለች» ይላል።

ከዚያ ልጅቷ እየራቀች ሄደች። ሕፃን ሲሰጧት የሰው ዕቃ በአደራ እንደተቀበለች ሁሉ ክንዷን አድርቃ ትይዛለች። ምግብ ሲቀርብላት ታየዋለች እንጂ አትነካውም። ምን ሆንሽ ሲሏት መልሷ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ደክሞኛል»። ሐኪሟ፣ ረጋ ያለች ሴት፣ ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ በሽታ ነው፣ ስንፍናም ክፋትም አይደለም፣ መድኃኒት አለው፣ መድኃኒቱ ግን ቸኩሎ አይሠራም አለቻቸው። ብቻዋን እንዳትተዉዋት፣ እንዳትቆጧትም ብላ አስጠነቀቀቻቸው።

እንባዬ ለባሏ የዳይሬክተሩን ነገር ስትነግረው ባሏ አለቃን ትከሻው ላይ አጋድሞ ጀርባውን መታ መታ እያደረገ ነበር።

«ውሰጂው» አላት።

«በዚህ ጉድ ውስጥ ሆኜ?»

«በዚህ ጉድ ውስጥ ሆነሽ ነዋ። ይሄ ቤት ምን ያህል ጊዜ ሆነው ሳቅ ከሰማ?»

«እኔ እኮ ቆሜ እያንቀላፋሁ ነው ጡጦ የማጥበው፤ አንተ ሰው።»

«ቆሞ ማንቀላፋት ከቻልሽማ ተቀምጠሽ መጻፍ አያቅትሽም» አለና ሕፃኑ ትከሻው ላይ ሲያስመልስበት «አመሰግናለሁ አለቃ» ብሎ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ።

ወሰደችው።

ሥራው የሚሠራው እንዲህ ነበር። ፒያኖው ሳሎን ውስጥ ነው፤ የልጇ ክፍል በር ክፍት ይሆናል፣ ሐኪሟ ብቻዋን አትተዉዋት ብላለችና። ሁለቱ ሕፃናት ከፒያኖው ሥር በትልቅ ቅርጫት ውስጥ ይተኛሉ። ድሮ ፔዳል ትረግጥ የነበረች ግራ እግሯ አሁን ቅርጫት ታወዛውዛለች። ፒያኖው ላይ በተደገፈው ኮምፒውተር ሙሽራው ደረጃ ለደረጃ ይሮጣል፤ እሷ ታስቆመዋለች፣ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች፣ እንደገና ታስሮጠዋለች። ልክ ጥሩ ሐሳብ ሲመጣላት ምክትል ታለቅሳለች። ምክትልን አባብላ ስትመለስ ሐሳቡ ሄዷል። አንድ ቀን ግንባሯ ፒያኖው ላይ አርፎ እንቅልፍ ወሰዳትና በሰማችው ድምፅ ደንግጣ ነቃች፤ የራሷ ግንባር የመታው ነበር።

በዚያ ላይ እንግዳ አይጠፋም። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የሥራ ባልደረባው «ልጅቷን ለማጫወት» ይመጣል። ከሁሉም የምትብሰው የባሏ እኅት ነበረች። በሩን ሳትዘጋ ቀልድ ትጀምራለች። «ሁለት ባንዴ! አንዱ ምርቃት ነው እንዴ?» ትላለች፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልጅቷን እግር ትኮረኩራለች። «ሳቂ እንጂ! ኧረ ሳቂ! ይሄን የመሰለ ፊት ለምን ታጨልሚዋለሽ?» ልጅቷ ከንፈሯን ወደ ጎን ሳብ ታደርጋለች። አክስትየዋ ያንን ሳቅ ነው ብላ ይዛ ደስ ብሏት ትሄዳለች። ከሄደች በኋላ ልጅቷ ከድሮው የባሰ ትደክማለች።

የሙዚቃው የመጀመሪያ ረቂቅ እንደምንም አለቀ። እንባዬ በሌሎች ሰዎች የኮሜዲ ሙዚቃ ውስጥ ስትሰማ የኖረችውን ሁሉ ከታችም ከላይም አግበስብሳ አስገብታበታለች። ሙሽራው ሲያዳልጠው ትሮምቦኑ እየተንሸራተተ ይወርዳል። አማቲቱ ስትቆጣ ባሱን የሚባለው ድምፀ ወፍራም የትንፋሽ መሣሪያ ስቅ ይለዋል። ፍሉቱ ይጠቅሳል፣ ክላርኔቱ ይስቃል፣ ከዚያ ሁሉም ድንገት ዝም ይሉና ከበሮው «ዱብ» ይላል። ማምቦው ከመሐል አለ፤ ግን ሁለት እርምጃ ሳይራመድ አንዱ ቀልድ እግሩን ይጠልፈዋል።

ዳይሬክተሩ ሊሰማ ቤቷ መጣ። አራት ፎቅ ወጥቶ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከቅርጫቱ አጠገብ ተቀመጠ። እሷ በፒያኖ እየመታች፣ የትሮምቦኑን በአፏ እያዜመች አሰማችው። እሱ በሳቅ ፈረሰ። ጉልበቱን እየመታ፣ «ይሄ ነው! ይሄ ነው! አንዲት ኖታ እንዳይነኩ!» አለ። አለቃ ነቅቶ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ይቅርታ እየጠየቀ፣ እየሳቀ ደረጃውን ወረደ።

እንባዬ በሩን ዘግታ ስትመለስ ከክፍሉ ውስጥ ድምፅ ሰማች።

«እማዬ።»

ልጇ ሳትጠራ ከተናገረች ሰንብታለች። እንባዬ ሕፃኑን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆመች።

«ያ ሰውዬ ሲስቅ ሰማሁት» አለች ልጅቷ ፊቷን ሳታዞር።

«ወዶት ነው።»

«እኔ ግን አልወደድኩትም።»

«ምኑን?»

«አክስቴን ነው የሚመስለው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

ልጅቷ ቀስ እያለች ተናገረች። «መጨፈር ይጀምራል። እሺ፣ ደስ ይላል። ከዚያ መሐል ላይ ቆም ይልና ሳቅሽ ወይ ብሎ ፊቴን ያያል። አልሳቅኩም። እንደገና ይኮረኩረኛል። እንደገና ያየኛል። እኔ ለእሱ ብዬ መሳቅ አለብኝ። ደከመኝ እማዬ። ሁሉም ሰው ለእሱ ብዬ እንድስቅለት ነው የሚፈልገው።»

«እኔስ አልደከመኝም መሰለሽ?» አለች እንባዬ።

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው። ድምፁ ከሚገባው በላይ ከፍ ያለ ነበር። አለቃ ለቅሶውን አቁሞ አያት። ልጅቷ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ሳብ አደረገች።

እንባዬ ወጥ ቤት ገባች። ሕፃኑን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው የጡጦ ክዳን ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን መልሳ አጠበችው። ተናዳ ነበር። በድካም ላይ ድካም፤ ስንት ቀን አጥባ፣ አባብላ፣ ጽፋ የጨረሰችውን ሥራ፣ ዳይሬክተሩ አንዲት ኖታ እንዳትነኪ ያለውን! ግን ንዴቱ ውኃው ሳይሞቅ በረደላት። እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ ሙዚቃውን በልቧ ከመጀመሪያው አስጀመረችው፤ ልጇ እንዳለችው ሆኖ አገኘችው። ማምቦው ይነሳል፣ ይቆማል፣ ያያታል። ሳቅሽ ወይ ይላታል።

ተመልሳ ሄዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«የጀመርሽውን ጨርሺው እንጂ።»

ልጅቷ ዞር አለች። ፊቷ ላይ የትራሱ ስፌት ታትሟል። «ዝም ብሎ ይጨፍር» አለች። «ለራሱ። ማንም ባያየውም።» ከዚያም እጇን ወደ ሕፃኑ ዘረጋች፤ መጠቅለያው ላይ የነበረችውን ክር አነሳችለትና እጇን መለሰች።

ያን ሁሉ ሳምንት ካወሩት ሁሉ የበለጠ ያወሩት ያን ቀን ነበር።

በነጋታው እንባዬ የጻፈችውን ማፍረስ ያዘች። መጀመሪያ ፍሉቱን ከመጥቀስ አሳረፈችው። የባሱኑን ስቅታ አጠፋች። ትሮምቦኑ መንሸራተቱን ትቶ ከትራምፔቶቹ ጋር እኩል እንዲቆም አደረገችው። ከዚያ ክላቬ ለሚባሉት ሁለት አጫጭር እንጨቶች ከሩጫው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የማይዛነፍ ምት ሰጠቻቸው፤ ሙሽራው ቢወድቅም፣ አማቲቱ ራሷን ብትስትም፣ ኬኩ ቢገለበጥም እንጨቶቹ መንገዳቸውን አይለቁም። በዚያ ምት ላይ ቫዮሊኖቹን አስቀመጠች፤ ከላያቸው ትራምፔቶቹን፣ በጎን ኮንጋ የተባለውን ረጅም ከበሮ። ስትጽፈው ታስብ የነበረው ሱሪው ከኋላ መቀደዱን ያላወቀ፣ ደረቱን ነፍቶ አዳራሽ የሚገባ ባለሱፍ ሰው ነው። ሙዚቃው ቀዳዳውን አያውቅም። ቀዳዳውን የሚያየው ተመልካቹ ነው።

ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ጉልበቷን ጨረሰው። ሐዘን ስትጽፍ ኖታዎቹ ረዣዥም ናቸው፣ በመሐላቸው ትተነፍሳለህ። ይሄኛው አያስተነፍስም፤ በየደቂቃው ገጽ ይበላል። ጣቶቿ አብጠው ቀለበቷን አውልቃ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጠችው። ባሏ ከሥራ ሲመለስ አለቃና ምክትልን ተረክቦ፣ «ሂጂ ተኚ፣ ለአንድ ሰዓት ተረኛው እኔ ነኝ» ይላታል፤ እሷ ግን አልጋ ላይ ጋደም ስትል ኮንጋው ጆሮዋ ውስጥ መምታቱን አይተውም። በዓለም ላይ ካለው ሙዚቃ ሁሉ ሰው የማያስተኛውን መርጣ ይዛለችና ማንን ትውቀስ?

ለዳይሬክተሩ አልነገረችውም። የምትከራከርበት አቅም አልነበራትም።

የቀረጻው ቀን ደረሰ። ስቱዲዮው ትልቅ ነው፤ ግድግዳው በእንጨት ተለብጧል፣ መሬቱ ላይ የገመድ መዓት ተጋድሟል። ሙዚቀኞቹ ጠዋት ሌላ ሥራ ውለው ስለመጡ እነሱም ደክሟቸዋል። አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ አንገቱን ያሻል። ድሮ ስም ያወጣላት ትሮምቦን ነፊ አሁን ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሽማግሌ ነው። ኖታውን ገልብጦ ገልብጦ አየና ከሩቅ ጠራት።

«እንባዬ! ኮሜዲ ነው አላላችሁም እንዴ? መንሸራተቻዬ የት ሄደ? ትሮምቦኔን ገደልሽው እኮ!»

«ዛሬ ጨዋ ሰው ሁን» አለችው። «ሰርግ ነው የመጣኸው፣ ከረባት አስረሃል፣ ማንንም አታስቅም።»

«ስድሳ ዓመቴ ነው፣ ከረባት አስሬ አላውቅም» እያለ ትሮምቦኑን መጥረግ ጀመረ።

የመጀመሪያው ሙከራ አላማረም። ትራምፔቶቹ ዘገዩ፣ ቦንጎ የሚባሉትን ትንንሽ ከበሮዎች መቺው ከልማዱ ቀልድ ለመጨመር ሞከረ፣ ሁሉም ተዝረከረከ። ዳይሬክተሩ ከመስታወቱ ጀርባ ካለው የድምፅ ክፍል እየሮጠ ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው? የሰማሁት እኮ ይሄ አይደለም! ሳቁ የት ሄደ?»

«አወጣሁት» አለች እንባዬ።

«ለምን?»

ብዙ ልትለው ትችል ነበር። ስለ አክስትየዋ፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ግድግዳው። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ደክሞኛል የኔ ልጅ፣ አታጨቃጭቀኝ» አለችው። «አንድ ጊዜ ከምስሉ ጋር በደንብ ይምቱትና እየው። ካልጣመህ የድሮውን ይዤዋለሁ፤ ያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

የኦርኬስትራው መሪ ሙዚቀኞቹን አንድ በአንድ አየ፣ ቦንጎ መቺውን በጣቱ «አንተ፣ አደብ» አለውና እጁን አነሳ። እንጨቶቹ ጀመሩ። ኮንጋው ገባ። ቫዮሊኖቹ ከሥር ተነሱ፣ ትራምፔቶቹ ልክ በሩን ከፍተው እንደገቡ ሆነው ገቡ። በትልቁ ስክሪን ላይ ሙሽራው የተቀደደ ሱሪውን በእጁ ሸፍኖ ደረጃውን ይወጣል፤ ሌላኛው ሙሽራ ደግሞ የሰው ሙሽሪት እጅ ይዞ ይወርዳል። ሙዚቃው ለአንዳቸውም ዞር ብሎ አላየም። ኮርቶ፣ ጨፍሮ፣ ቀጠለ።

ሲያልቅ ዳይሬክተሩ «አንዴ ድገሙት» አለ ብቻ። ሲደገም እጁን አፉ ላይ ጭኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እዚያው የነበረ የድምፅ ክፍል ሠራተኛ፣ ፊልሙን ለወራት ሲያይ የሰነበተ ሰው፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሳቀ።

«እሺ» አለ ዳይሬክተሩ በመጨረሻ። «እሺ። ግን ኬኩ ሲገለበጥ ትሮምቦኗን መልሱልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ስለማርያም።»

እንባዬ ለመከራከር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። «ለኬኩ ብቻ» አለች። ትሮምቦን ነፊው ቆሞ እጅ ነሳ።

ፊልሙ ለሕዝብ በቀረበበት ቀን ቤቱን ለባሏ ትታ ብቻዋን ሄደች። ልጇ መድኃኒቱ ጥቂት ጥቂት መያዝ ጀምሮላት፣ አንዳንድ ጠዋት ተነስታ ጸጉሯን ታበጥር ነበር፤ ሕዝብ መሐል መቀመጥ ግን ገና አልሆነላትም። ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እንባዬ ከትሮምቦን ነፊው አጠገብ ቦታ አገኘች። ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ እንዲያ ለስላሳ ነገር ላይ ከተቀመጠች ቆይታለች። አዳራሹ ሞቅ ያለ ነው። የሚያለቅስ ሕፃን የለም። መብራቱ ጠፋ፣ ስሟ ከሌሎች ስሞች ጋር ስክሪኑ ላይ ሲያልፍ አየች።

ከዚያ በኋላ ያየችው ሰዎች ካፖርታቸውን ለብሰው ሲወጡ ነው። ትሮምቦን ነፊው አጠገቧ ተቀምጦ እየጠበቃት ነበር።

«አለቀ?» አለችው ደንግጣ።

«ካለቀማ ቆየ።»

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«ሙሽራው ደረጃው ላይ ሲደርስ በክርኔ ነካሁሽ። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጄን መታሽው።»

«ሙዚቃውስ? እንዴት ሆነ?»

«እኔ ምኑን አውቄ!» አለ ሽማግሌው። «ሰው ሲስቅ አንዲት ኖታ አልሰማሁም። የኬኳን የራሴን ትሮምቦን እንኳ የሰው ሳቅ አፈናት!»

ቤት ስትገባ ባሏ ሁለቱን ሕፃናት ሁለት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነበር። ልጇ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አልጋ ላይ አይደለም። ባሏ፣ «እህስ፣ እንዴት ነበር?» አላት።

«አላየሁትም» አለች እንባዬ ጫማዋን እያወለቀች። «ተኛሁ።»

«ምን?»

«ገና ሲጀመር ተኛሁ። ሲጨርሱ ነቃሁ።»

ከወንበሩ በኩል አንድ ነገር ተሰማ፤ አጭር፣ እንደ ሳል ያለ። ልጅቷ አፏን ሸፍና ነበር። «ሙሉውን?» አለች። «እማዬ፣ ሙሉውን?» ከዚያ መልሳ እንደ ሳል ያለችውን ነገር አወጣች። ባልና ሚስት ተያዩ፤ ሁለቱም ምንም እንዳልሰሙ ሆኑ። እንባዬ ወጥ ቤት ገብታ ውኃ ጣደች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷ እንደገና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከቀድሞው የባሰ ቀንም መጣ። መድኃኒቱ ተለወጠላት። ባሏ ከመንገድ ሥራው ፈቃድ ወስዶ መጣ፣ ሄደ፣ በመጨረሻ ቅርብ ቦታ ሥራ አገኘ። ልጅቷ መጀመሪያ ምክትልን፣ ኋላ አለቃን በራሷ ማጠብ ጀመረች። አንድ ጠዋት ሕፃናቱ ሲያለቅሱ እንባዬ ለመነሳት ስትታገል ሌላ ሰው ቀድሟት መድረሱን ሰማች። ቀና ያደረገችውን ወገቧን መልሳ አጋደመች።

ፊልሙ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲታይ ከረመ። ስለ ሙዚቃው የጻፈ ሰው አልነበረም፤ ዳይሬክተሩ ግን ደውሎ፣ ኬኩ ላይ ያለችውን ትሮምቦን አሁን ስሰማት አትጥመኝም፣ ልክ ነበሩ አላት። እሷ ደግሞ ትሮምቦን ነፊው እንዳይሰማህ ብላ ዘጋችው።

ልጅቷና ባሏ ወደ ራሳቸው ቤት የገቡት ሕፃናቱ መዳህ ሲጀምሩ ነው። ዕቃው ሁሉ ከወረደ በኋላ ልጅቷ ምክትልን ታቅፋ ደረጃው ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ያን ቀን ስለ ሙዚቃሽ የነገርኩሽ...»

«ልክ ነበርሽ» አለች እንባዬ።

«እሱን አይደለም። ተቆጥተሽ ነበር።»

«ተቆጥቼ ነበር።»

«ግን ተመልሰሽ መጣሽና ተቀመጥሽ። ሌላው ሰው ሁሉ ደኅና ስትሆኚ እመጣለሁ እያለ ነበር የሚሄደው።»

እንባዬ የሕፃኗን ቆብ ጆሮዋ ላይ ዝቅ አደረገችላት። «በይ ሂጂ፣ ባልሽ መኪናውን መሐል መንገድ ላይ ነው ያቆመው» አለች።

እስከ ታች ሸኘቻቸው። መኪናው ከታጠፈ በኋላ ከባሏ ጋር ተያይዘው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራት፤ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቆመች። ባሏም አጠገቧ ቆመ። ጉልበቱን እያሸ፣ «ትንሽ እንረፍ» አላት።

«እንረፍ» አለች።